ዳዊትን የገደለው ማን ነው?



ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከአንድ ሕፃን ደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሕፃናት ክፍል፣ ስለ ዳዊት ብላቴናነት ካስተማርን በኋላ ልጆቹ የሰሙትን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ጠየቅናቸው። አብዛኞቹ «ዳዊት ጎበዝ ነው» ወይም «ጎልያድ ሞተ» ብለው ጻፉ። አንድ ልጅ ግን ከሌሎቹ የረዘመ ነገር ሞከረ። «ዳዊትን የገደለው ጎልያድ ረጅም ሰው ነበር» ይላል ወረቀቱ። እኛ መምህራን ሣቅን። እኔ ደግሞ ከመሣቅ አልፌ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አነበብሁት። ልጁ ከዚያ ሰንበት በኋላ ለሦስት ሳምንት አልመጣም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ባየሁት ቁጥርም ያፈርሁት በልጁ ሳይሆን በራሴ ነበር። ልጁ ታሪኩን አልሳተም፤ ማን በወንጭፍ እንደ ወደቀ ጠንቅቆ ያውቃል። ሊለው የፈለገው «ዳዊት የገደለው ጎልያድ» ነበር። የጨመረው አንዲት «ን» ብቻ ነው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ፦ «ዳዊት የገደለው ጎልያድ»፣ «ዳዊትን የገደለው ጎልያድ»። የቃላቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው። ግሡም በሁለቱም «የገደለው» ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» የተገደለውን ስታመለክት፣ በሁለተኛው ገዳዩን «ይህ የምናውቀው» ብላ ትጠቁማለች። ልዩነቱን ለጆሮ የምትነግረው «ን» ብቻ ናት። «ዮሴፍን የሸጡት ወንድሞች» እና «ወንድሞቹ የሸጡት ዮሴፍ» ስንልም እንዲሁ ነው፤ ሻጩና ተሸጪው የሚለዩት በዚችው ትንሽ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር ማንም ሳያስተምረው በራሱ የሞከረውን ልጅ ነው እኛ የሣቅንበት። «ጎልያድ ሞተ» ብለው ያለ ስሕተት የጻፉትን አመሰገንን፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሄደውን አሳፈርን።

ስለዚህ ዛሬ ለማንሣት የፈለግሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ልጆች ዓረፍተ ነገርን ማስፋፋት፣ በተለይም በ«የ»፣ በ«የሚ»፣ በ«ያል» እና በ«የማይ» እያያያዙ መናገርና መጻፍ እንዲማሩ ጊዜ ልንመድብ ይገባል። ይህን ስናገር ከአንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ሰዋስው የቀለም ትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ሃይማኖትን ማስተማር ነው» ይሉኛል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲህ አስብ ነበር።

ነገር ግን ሃይማኖታችንን የምንመሰክርበትን ጸሎተ ሃይማኖትን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት የወሰኑት፣ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150ው ሊቃውንት ያጸኑትና ያሰፉት ይህ ጸሎት፣ ከዋና ዋና ግሦቹ ይልቅ ተሸካሚዎቹ ገላጮቹ ናቸው። «እናምናለን» ከምንለው ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የምናምንበት ማን እንደ ሆነ የሚለይ ነው፤ የፈጠረ፣ የተወለደ፣ የወረደ፣ ሰው የሆነ፣ የተሰቀለ፣ የተነሣ፣ የሚመጣ። በእስክንድርያው ቄስ በአርዮስና በአባቶቻችን መካከል የነበረው ክርክርም፣ ወደ አማርኛችን ስናመጣው፣ «የተወለደ» እና «የተፈጠረ» በሚሉ በሁለት ገላጭ ቃላት መካከል የቆመ ነው። ኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ብዙ ጊዜ የተሰደደው ይህን ልዩነት አልለቅም በማለቱ ነው። «የተወለደ» እና «ያልተፈጠረ» የሚሉትን ቃላት እንደ ዜማ ብቻ የሚያወርድ፣ «ማን ነው የተወለደው? ያልተፈጠረውስ?» ሲባል ግን ዝም የሚል ልጅ ካለን፣ ጉድለቱ ሰዋስው ነው ወይስ ሃይማኖት? እኔ መለያ መስመሩን ማስመር አልቻልሁም።

ሌላም ልጨምር። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት «ዘወረደ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ነው። ትርጉሙ «የወረደ» ነው፤ በሰዋስው ዓይን ካየነው ባለቤቱ ያልተጠራ ገላጭ ሐረግ ነው። «ማን የወረደ?» የሚል ጥያቄ በልጁ አእምሮ ካልተነሣ ሳምንቱ ስም ብቻ ሆኖ ያልፋል። ጥያቄው ከተነሣ ግን የነገረ ሥጋዌ ትምህርት በር ተከፍቷል ማለት ነው። «አቡነ ዘበሰማያት» የሚለው የጸሎቱ መጠሪያም ያችኑ «ዘ» ይዟል። ልጆቻችን ሳያውቁት በየቀኑ በገላጭ ሐረግ ይጸልያሉ።

እዚህ ላይ ግእዙና አማርኛው የሚለያዩበትን ነገር መንገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች የሚደናገሩት በዚህ ነው። ግእዝ ስሙን ያስቀድምና ገላጩን ያስከትላል፤ «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል። ለሴት «ብእሲት እንተ መጽአት»፣ ለብዙዎች «ሰብእ እለ መጽኡ» ብሎ ማያያዣውን ይለውጣል። አማርኛ ግን ገላጩን ያስቀድማል፤ «የመጣ ሰው»፣ «የመጣች ሴት»፣ «የመጡ ሰዎች» ሲል «የ» ለሁሉም አንዲት ናት፤ የሚለወጠው የግሡ መጨረሻ ነው። ስለዚህ በግእዝ ሲጸልይ የቆየ ልጅ አስቀድሞ ስሙን ይሰማል፣ ቀጥሎ ሥራውን ይሰማል። በአማርኛ ደግሞ ሥራው ይቀድምና ስሙ በመጨረሻ ይደርሳል። ግእዙን ቃል በቃል ተከትሎ የተተረጐመ አማርኛ ለልጅ ጆሮ የሚከብደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መምህሩ ልዩነቱን አንድ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ካሳየ፣ ልጁ ንባቡ ለምን እንደዚያ እንደ ተደረደረ ይገባዋል።

ወደ አካባቢያችን ልመለስ። ከሚዛን እስከ ቴፒ ባሉት አጥቢያዎቻችን በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡት ልጆች በቤታቸው ስንት ቋንቋ እንደሚናገሩ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁን? ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ከፍኛ፣ ሸኮኛ፣ ማጃንግኛ አለ። የቤበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ከየአቅጣጫው የሳቧቸው ሠራተኞች ልጆች አሉ። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከሰሜን የመጡ ቤተሰቦች የልጅ ልጆችም አሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ስብከታችንም በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ግን አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ይህን እያወቅን በክፍል ውስጥ ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ እንሰፍራለን። አጭር የመለሰውን «ጎበዝ»፣ ረጅም ሞክሮ የተሰናከለውን «አልገባውም» እንላለን።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ቤንችኛና ከፍኛን የመሳሰሉት የኦሞ ቤተሰብ ቋንቋዎች ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ገላጩንም ከስሙ በፊት የሚያስቀምጡ ናቸው፤ አማርኛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቤንች ልጅ «የመጣው ሰው» ለማለት አሳቡን መገልበጥ አያስፈልገውም፤ የሚጐድለው ምልክቱ ብቻ ነው። ግሡን ከፊት ለሚያስቀድመው ለማጃንግኛ ተናጋሪ ልጅ ግን መንገዱ ይረዝማል፤ ትዕግሥታችንም በዚያው ልክ ሊረዝም ይገባል። ደግሞም ቤንችኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ቃልን ከቃል የሚለይ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ የመጣን ልጅ «አነጋገሩ ይከብዳል» ብሎ ወደ ኋላ ማስቀመጥ እንዴት ያለ ንፉግነት ነው! (ይህን ለመዝሙር ክፍል ኃላፊዎችም አሳስባለሁ።)

አሁን ስለዚያ ልጅ ልንገራችሁ። በአራተኛው ሳምንት ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የለቀማ ወቅት ነበርና ልጁና እናቱ ከአልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ያገላብጡ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ስለ ገባኝ ስለ ቡናው ጠየቅሁ። «ደርቋል?» አልሁት። ልጁ ቀና ሳይል «ትናንት ያሰጣነው ገና ነው፤ ባለፈው ሳምንት ያሰጣነው ግን ደርቋል» አለኝ። እናቱም በቤንችኛ አንድ ነገር ስትጠይቀው በዚያው ፍጥነት መለሰላት።

በክፍል ውስጥ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አቃተው ያልነው ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ገላጭ ሐረጎችን ያለ ስሕተት ተናገረ። ለምን? ምክንያቱም ሁለት ቡና ነበር፤ አንዱን ከሌላው መለየት ነበረበት። ገላጭ ሐረግ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ «የትኛው?» ከሚል እውነተኛ ጥያቄ። እኛ ግን በክፍላችን «የትኛው?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። «ጎልያድን ማን ገደለው?» ብለን አንድ ቃል እንጠይቃለን፤ አንድ ቃል ይመለስልናል። የቡና ለቃሚዎችን ሕግ ተመልከቱ፦ የቀላው ይለቀማል፣ ያልቀላው ይቆያል፣ መሬት የወደቀው ለብቻ ይሰበሰባል። አገራችን በሙሉ በ«የ» እና በ«ያል» የሚሠራ አገር ነው።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን የምናደርገውን ልግለጽ። መጀመሪያ በእጅ ከሚዳሰሰው እንነሣለን። አንዱ ልጅ «ቡናው ደረቀ» ይላል። ሁለተኛው «የትኛው ቡና?» ብሎ ይጠይቃል። «አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ደረቀ።» «ማን ያሰጣው?» «እናቴ አልጋ ላይ ያሰጣችው ቡና ደረቀ።» ልጆቹ እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት። ኮረሪማም፣ ቁንዶ በርበሬም፣ እንሰትም እናስገባለን፤ የቴፒ ልጆች ስለ ቅመም ሲናገሩ እኛ መምህራኑ ተማሪዎች እንሆናለን።

ከዚያ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንሄዳለን፤ በዚያም «የትኛው?» የሚለው ጥያቄ የግድ የሚሆንበትን ቦታ እንመርጣለን። ዮሴፍ ብለን ስንጠራ የትኛው ዮሴፍ ነው? ወንድሞቹ የሸጡት አለ። እመቤታችንን ይጠብቅ የነበረው አረጋዊ አለ። የጌታን ሥጋ ከጲላጦስ የለመነው የአርማትያሱ አለ። ሄሮድስስ? የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው፣ መጥምቁ ዮሐንስን ያስገደለው፣ ሐዋርያው ያዕቆብን በሰይፍ ያስገደለው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከዐዋቂዎቹም ሦስቱን እንደ አንድ ሰው አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች አሉ፤ እኔም ሰንበት ተማሪ ሳለሁ ሕፃናቱን ያስፈጀው ሄሮድስ በጌታ ሕማማት ጊዜም እንደ ነበረ አድርጌ አስብ ነበር። ልጁ «ሕፃናትን ያስፈጀው ሄሮድስ» ማለት ሲችል፣ ሰዋስውም ታሪክም በአንድ ጊዜ ተማረ ማለት ነው።

ሦስት ስሕተቶች ደጋግመው ይገጥሙናል። የመጀመሪያው ከላይ የተናገርሁት የ«ን» ነው። ሁለተኛው መስተዋድድ ሲመጣ «የ» መዋጥዋን አለማወቅ ነው፤ «ለየመጣው ሰው» ብለው ይጽፋሉ፤ «ለመጣው ሰው»፣ «ከመጣው ሰው»፣ «በመጣው ሰው» መባሉን ቀስ ብለን እናሳያለን። ሦስተኛው ተሳቢ ሲሆን ምልክቱን በስሙ ላይ ማድረግ ነው፤ «የመጣው ሰውን አየሁ» የሚሉት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ማስታወቂያዎቻችንን አንብቡ። «የመጣውን ሰው አየሁ» ነው። ከዚህ በላይ ጠልቆ ማወቅ የሚሻ መምህር በ1987 ዓ.ም. የታተመውን የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» ቢያነብብ ይጠቀማል፤ ለሕፃናቱ ግን የሰዋስው ስያሜዎችን አንጭንባቸውም። «ገላጭ» የሚለው ቃል ራሱ በክፍላችን እምብዛም አይነሣም።

ማስፋፋት ሲባልም ያለ ልክ ማርዘም እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ ገላጩ ስለሚቀድም አድማጩ ስሙ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም በልቡ ተሸክሞ ይጠብቃል። ሁለት ገላጭ ይሸከማል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ይንገዳገዳል፤ አራተኛው ላይ ይጥለዋል። ከዓውደ ምሕረት ላይ «በዛሬው ዕለት ከሩቅ ቦታ ድካም ሳይበግራቸው የመጡትን ያስተማሩንን የሰማነውን የተናገሩ መምህር…» እየተባለ ሲነገር ምእመናን ማንን ማመስገን እንዳለባቸው ሲጠፋባቸው አይቻለሁ። እኛ ጸሐፊዎችም ከዚህ ንጹሓን አይደለንም። ስለዚህ ልጆቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ካስፋፉ በኋላ መልሰው ለሁለት እንዲከፍሉት እናደርጋለን። መቀጠልን የተማረ መቁረጥንም ይማር።

አንድ ያልተስማማንበት ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ልጆቹ ታሪኩን አስቀድመው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲናገሩት አይፈልጉም፤ «ክፍሉ ይበታተናል፣ መምህሩም የሚባለውን አይሰማም» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። እኔ ግን በተቃራኒው ነኝ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በቀለም ትምህርት ቤት እንኳ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ተከፍቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዚያ እጅግ አስቀድሞ በበዓለ ኀምሳ ሰው ሁሉ በየቋንቋው ሲሰማ የተመሠረተች ናት። ዳዊት የገደለው ማን እንደ ሆነ በቤንችኛ አስተካክሎ የተናገረ ልጅ በአማርኛ አንዲት «ን» ቢያሳስት፣ የሳተው ምልክቱን ብቻ መሆኑን መምህሩ ያውቃል። በቋንቋው እንዲናገር ካልፈቀድንለት ግን ይህን ማወቂያ መንገድ የለንም፤ እንደ እኔ ወረቀቱን አንሥተን እንሥቃለን። ቋንቋውን የማይሰማ መምህር ቢሆን እንኳ ቋንቋውን የሚሰማ አንድ የወጣት ክፍል ተማሪ ከጎኑ ማስቀመጥ ይቻላል። በየአጥቢያው እንዲህ ያሉ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ሥራ የሰጣቸው የለም እንጂ።

ልጁ ተመልሷል። በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱ ግን ከእኔ ይቅርታ ይልቅ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በሰሌዳው ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጽፌ «ን»ዋን በቀይ ጠመኔ ሳከብባት ነበር የደነቀው። «በዚህች ብቻ?» አለ። «በዚህች ብቻ» አልሁት። አሁን የጓደኞቹን ወረቀት እየተቀበለ «ን» የሚያርመው እርሱ ነው። ባለፈው ሰንበት የእኔንም ማስታወቂያ አርሞልኛል፤ «የተመዘገቡ ልጆችን» ያልሁትን «የተመዘገቡትን ልጆች» አድርጎታል።